ስላልተፈጸመ ስፌት

ኩዊልት የሚባለው የአሜሪካ ብርድ ልብስ ፊቱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ይገጣጠማል፤ በመካከሉም ጥጥ ይገባበታል። ሦስቱን ድርብ የሚያያይዘው ስፌት አድካሚ ስለ ሆነ፣ ብዙዎች ፊቱን ገጣጥመው ለዓመታት በሣጥን ያስቀምጡታል። ገንዘብ ወጥቶበት በመጋዘን የተረሳ ዕቃ ማለት ነው፤ ነጋዴ አንባቢዎቻችን ይህን ያውቁታል።

እንዲህ ያለው ሥራ በእጅ ለሚመራው ነጻ የመኪና ስፌት መለማመጃ ይሆናል። ጨርቁን የሚስቡት የመኪናው ጥርሶች ዝቅ ተደርገው፣ ሠራተኛዋ ጨርቁን በሁለት እጇ ወደ ፈቀደችው ታዞራለች። እጅ ከመርፌው ከፈጠነ ስፌቱ ይረዝማል፤ ከዘገየ ያጥራል፤ ችግሩ ሁሉ በዚህ ነው።

የመኪና ስፌትን የሚንቁ ነበሩ፤ ነገር ግን በ1989 እ.ኤ.አ. በፓዱካ ከተማ የካሪል ብራየር ፋለርት የመኪና ስፌት ታላቁን ሽልማት ወስዷል።

ከእናት የተወረሰው ግን ለመጨረሻ ይቆይ፤ አሮጌ ጨርቅ ሲፈታ የመርፌው ቀዳዳ ይቀራልና።