እብድ ከማለት አስቀድሞ መስማት ይገባል

የሰው ልጅ ሥጋው ሲታመም ሕመሙን ለመናገር አያፍርም። ሆዱን ወይም ራሱን ያመመው ሰው ለጎረቤቱ ይነግራል፤ መድኃኒት ይጠይቃል፤ ሐኪም ቢገኝም ወደ ሐኪም ይሄዳል። አእምሮው ሲታወክ ግን እርሱም ይሸሽገዋል፤ ዘመዶቹም ይሸሽጉታል። እንዲሁም በአገር ላይ የሚደረገው ግፍ ልቡን ያቃጠለው ሰው ሐሳቡን ገልጦ ሲናገር፤ ብዙ ጊዜ መልስ በመስጠት ፈንታ እብድ ነው ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ አንዱ ስም ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሰጣል፤ አንደኛው መድኃኒት የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ነው፤ ሁለተኛው መልስ የሚያስፈልገው ተናጋሪ ነው። ከዚህም የተነሣ ሕመምተኛው መድኃኒቱን፤ ተናጋሪውም መልሱን ሳያገኙ ይቀራሉ።

ይህን ነገር አጉልቶ ያሳየ የጎጃም ሰው ነው። ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ደብረ ወርቅ በማርያም ገዳሟና በትምህርቷ ከጥንት ጀምሮ የታወቀች ናት። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፤ በደብረ ኤልያስ፤ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከተማሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊውን ትምህርት ጨመሩበት። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋራ ዘምተው ተማርከው በጣልያን አገር ታሰሩ፤ ከነፃነት በኋላም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር የተባለው መጽሐፋቸው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ከተነበበ ወዲህ ማንበብ የማይችለው ሰው እንኳ ሰምቶ የሚያውቀው ሆኗል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ካሳ ዳምጤ የሚባል ሰው አለ። የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ሲሆን፤ በዘር መመካትን፤ በባላገሩ ላይ የሚጫነውን ግብርና መማለጃ፤ ልጆችም ሳይወዱ በወላጆች ፈቃድ ብቻ መዳራቸውን ይነቅፋል። የወገኖቹን ነውር ስለ ተናገረ ጉዱ ካሳ የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ከወጣለት በኋላ ቃሉ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ የሚመረምር አልተገኘም፤ ጉዱ ተናገረ ብሎ ማለፍ ይበቃ ነበርና። ከልባቸው ያዳመጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱም የፊታውራሪ ልጅ ሰብለ ወንጌልና መምህሯ በዛብህ ይገኙበታል። የካሳ መሣሪያ ቃል ነበር፤ አደባባዩም የጨዋታ ቦታ ነበር። በዚያው መጽሐፍ የፊታውራሪ ባላገሮች በአበጀ በለው መሪነት የተጫነባቸውን ግብር እንቢ ብለው ሲነሡ፤ ካሳ ሲናገር ያልሰማው ጆሮ የጦር ድምፅ ለመስማት ተገደደ።

ይህ ልብ ወለድ ታሪክ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ቢኖር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው በጎጃም የሆነውን ያስታውስ። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር በዐዋጅ ሲያቆም፤ ባላገሩ ርስቴ ተለክቶ ይወሰድብኛል ብሎ ፈራ። አቤቱታውን በሽማግሌዎች አቀረበ፤ የሰማው ግን አልነበረም። በሞጣና በብቸና፤ በሌሎችም ወረዳዎች ነገሩ ወደ ተኩስ ደረሰ፤ ጦር ዘመተ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻው አገረ ገዥው ከሹመታቸው ተነሥተው፤ የቀረው ውዝፍ ግብር ለሕዝቡ ተማረ። እንግዲህ በፍጻሜ የተሰጠው ምሕረት በመጀመሪያ በጆሮ ሊሰጥ ይችል ነበር። ሐዲስም በ1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል ብለው በጽሑፍ የጠየቁት፤ ሐሳብ ቀድሞ ካልተሰማ ኃይል እንደሚቀድም ስላዩ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ተናጋሪን እብድ ማለት ለሹም የሚቀልልበት ምክንያት ግልጥ ነው። ሐሰት ተናግረሃል ያለ ሹም ማስረዳት ይኖርበታል፤ እውነት ተናግረሃል ያለም ማረም ይኖርበታል፤ እብድ ነህ ያለ ግን ከሁለቱም ያመልጣል። አገረ ገዥው ፊስጦስ ቅዱስ ጳውሎስን በጉባኤ ፊት እብደት እንዳገኘው አድርጎ፤ ያም ከትምህርት ብዛት የመጣ ነው ብሎ እንደ ጮኸበት በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል። ዳሩ ግን እነዚያው መኳንንት ከጉባኤው ሲወጡ፤ ይህ ሰው ለሞትም ለእስራትም የሚያበቃ ነገር አላደረገም ወደሚል ስምምነት ደረሱ። በአደባባይ የሰጡት ስምና በጓዳ ያመኑት እውነት የተለያዩ ነበሩ።

ወደ ሁለተኛው ሰው፤ ማለት በእውነት ወደ ታመመው ስንመለስ ደግሞ፤ በደሉ የባሰ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጠው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በዓለም 970 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው፤ ይኸውም ከስምንት ሰው አንዱ ማለት ነው። ምክንያቱም ብዙ ነው፤ ከዘር የሚወረስ አለ፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ አለ፤ ከድህነት፤ ከመጠጥ፤ ከኀዘንና ከጦርነት የሚመጣም አለ። በ2013 ዓ.ም. ወደ አማራ አገር የደረሰው ጦርነትና በ2015 ዓ.ም. የተነሣው ውጊያ ልጃቸውን የቀበሩ እናቶችን፤ ሌሊት እንቅልፍ የማይወስዳቸውንም ወጣቶች ትቶ ሄዷል። በቤተ ክርስቲያን ተማሪ ቤትም ትምህርት ቶሎ እንዲገባቸው ብለው አብሾ የሚጠጡ ተማሪዎች እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። አብሾ የሚዘጋጅበት አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የተባለው ተክል ግን መርዝ ያለበትና አእምሮን የሚያስት ነው፤ ትምህርት ፈልጎ ጤናውን ያጣ ተማሪ ሊታዘንለት እንጂ ሊሣቅበት አይገባም።

ቤተ ሰብ የታመመውን ሰው የሚያስረው ብዙ ጊዜ ከጭካኔ አይደለም፤ ገደል እንዳይገባ፤ ሰው እንዳይጎዳ ብሎ ሌላ መላ ስላጣ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ፤ የነዋሪው ቍጥር ከ2,000 በሚያንስ ቀበሌ፤ ዘመዶቹ ስለ አእምሮው ሁኔታ የሚጠብቁትንና ከመዘዋወር የከለከሉትን ሰው እብደቱ በግልጥ የታወቀ አድርጎ ይቈጥረዋል። ሕጉ ይህን ያለው የታመመው ሰው በውል እንዳይታለል ለመጠበቅ ነው፤ ሆኖም በገጠር የሕመሙ ምስክር ሐኪም ሳይሆን ገመድ እንደ ነበረ ያስረዳል። በጣልያን ዘመን የተሠራው የአዲስ አበባው የአማኑኤል ሐኪም ቤት ለብዙ ዘመን በአገሩ ብቸኛው የአእምሮ ሐኪም ቤት ሆኖ ስለ ኖረ፤ የጎጃም ሰው ሕመምተኛውን ይዞ ዐባይን መሻገር ነበረበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው ወደ አውራጃ ሐኪም ቤቶች እየተስፋፋ ሄዷል።

እንግዲህ ሕመምተኛውንና ተናጋሪውን ለይቶ ለማወቅ ምን ይደረግ ቢባል፤ መልሱ ቀርቦ ማነጋገር ነው። ሕመም ሰውን ከቀድሞ ጠባዩ ይለውጠዋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ኀዘን ያልለቀቀው፤ እንቅልፍና ምግብ የራቀው፤ ይወደው የነበረውን ሥራ የጠላ፤ ራሱን ያለ ምክንያት የሚኰንን፤ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል። ግፍን የሚነቅፍ ሰው ግን ቃሉ ከቃሉ ጋራ ይያያዛል፤ ሥራውን ይሠራል፤ ምስክር ቢጠየቅ ይጠራል። ነገር ግን አንድ ሰው ሁለቱንም ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል መርሳት አይገባም። የታመመ ሰው መሬቴን ተቀማሁ ቢል፤ ሕመሙ አቤቱታውን ሐሰት አያደርገውም፤ መድኃኒቱም ይሰጠው፤ ነገሩም ይመርመር። በቅኔ ቤት መምህሩ የተማሪውን ቅኔ እስከ መጨረሻ ሳይሰማ አያርምም፤ ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሄደ ሰውም ወርቁን አያገኝም። የተጨነቀ ሰው ንግግርም እንዲሁ ነው፤ ላዩ የተበታተነ ቢመስል በውስጡ የተሸሸገ ኀዘን ይኖርበታል።

በዚህ ሥራ ከካህን የሚቀድም የለም። የንስሐ አባት ወደ ልጁ ቤት ሳይጠራ ይገባል፤ ምሥጢር ይሰማል፤ የሰማውንም አያወጣም፤ ይህን የመሰለ በር ለሐኪምም ለሹምም አልተከፈተም። ነገር ግን ካህንም ሊሳሳት ይችላል። ካህኑ ዔሊ ሐና ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ስትጸልይ አይቶ ሰካራም መሰለችው፤ ገሠጻትም። ያዳነው ነገር ቢኖር መልሷን መስማቱ ነው፤ ልቧ ያዘነ ሴት መሆኗን ከነገረችው በኋላ ተግሣጹን ትቶ መረቃት። ነቢዩ ኤልያስም ከዛፍ በታች ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ፤ መልአኩ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ እንዲተኛም ተወው፤ ስለ እምነቱ ማነስ አልወቀሰውም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋራ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ ጥፋታቸው አፋቸውን ከፍተው መፍረድ ሲጀምሩ መጣ።

ሞትን የሚመኝን ሰው ነገሩን አንሥቶ መጠየቅ ሐሳቡን እንደ መስጠት የሚቈጥሩ ብዙዎች ናቸው፤ የዚህ ሙያ ሊቃውንት ግን በርኅራኄ በግልጥ መጠየቅ ሸክሙን እንደሚያቀልል እንጂ እንደማይጎዳ አረጋግጠዋል። በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበሩት አባ ጢሞቴዎስም፤ ራሱን ስላጠፋ ሰው ቢጠየቁ፤ ካህኑ ያ ሰው በእውነት አእምሮው ተነክቶ እንደ ነበረ አጥብቆ እንዲመረምር አዘዋል። ለሞተው ይህን ያህል ምርመራ የሚገባ ከሆነ፤ በሕይወት ላለው ምን ያህል ይበልጥ ይገባል!

ጸበልና መድኃኒት ይጣላሉ የሚለውም ሐሳብ መሠረት የለውም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕመምተኞች ጸበሉን ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በግልጥ አስተምረዋል። በአዲስ አበባም የአእምሮ ሐኪሞች ከጸበል ቦታ ካህናት ጋራ ተስማምተው ሕመምተኞችን በአንድነት መርዳት እንደሚቻል በሥራ አሳይተዋል። በአንዱ ቦታ የተቻለው በደብረ ወርቅም፤ በሌላውም ገዳም የማይቻልበት ምክንያት የለም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ቃል ለአንድ ሰው እንደሚሆን ለአገርም ይሆናል። ስለዚህ ሹም የሆነ ሁሉ አቤት ባዩን እብድ ከማለቱ በፊት ነገሩን እስከ መጨረሻ ይስማ፤ መልሱንም በምክንያት ይስጥ። ካህን የሆነ ሁሉ በንስሐ ልጆቹ ቤት የታሰረ ወይም የተሸሸገ ሰው እንዳለ ይጠይቅ፤ ቢያገኝም ጸሎቱን ሳይተው ወደ ሐኪም ያድርሰው። ይህን ለማድረግ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከሰውዬው አጠገብ መቀመጥና ሳይቸኩሉ ማድመጥ ነው።