የመንዝ ባና

ሰሜን ሸዋ፣ መሐል ሜዳ አቅራቢያ ጓሳ ላይ ከብት የሚጠብቅ እረኛ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የሚያድረው። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። እረኛው ይህን ሁሉ የሚመክተው በባና ነው፤ ከበግ ፀጉር በተሸመነ ወፍራም ብርድ ልብስ።

የመንዝ በግ ሰውነቱ ትንሽ፣ ፀጉሩ ሻካራና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ፀጉሩ ተሸልቶ ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ቀሪው የሸማኔው ሥራ ነው። ጥቁርና ቡናማ በግ ስለሚበዛ ቀለም መንከር አያስፈልግም። በርኖስ የሚባለው ካባም የሚሠራው ከዚሁ ፀጉር ነው። ባና ለአዲስ ሰው ይኮሰኩሳል፣ አይካድም፤ ግን ሌሊት ጓሳ ላይ ስለ ልስላሴ የሚጨነቅ አይኖርም።

ሙቀቱን የሚይዘው በተጠማዘዘው ፀጉር መካከል ተይዞ የቀረው አየር ነው፤ ያልተንቀሳቀሰ አየር ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። የበግ ፀጉር የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት መጥጦም ገላ ላይ ረጥቦ አይሰማም። ጋቢ ግን ጥጥ ነው። ደረቅ ሳለ ወደር የለውም፤ ዝናብ ሲመታው ውኃው የአየሩን ቦታ ይወስዳል፣ ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ባናውም በዝናብ እንዳይርስ የጓሳ ሰው ከላዩ ገሳ ይደርባል። ገሳ ከጓሳ ሣር የሚሠራ የዝናብ ልብስ ነው፤ ጠብታውን ያንሸራትታል፣ ነፋሱንም ይከላከላል። ሣሩም እንዲሁ አይታጨድም፤ ማኅበረሰቡ ለዓመታት ዘግቶ ጠብቆ በጊዜው ነው የሚከፍተው።

በጂንስና በጥጥ ካናቴራ ራስ ደጀንን ለመውጣት የሚነሱ ከተሜዎች ከዚህ እረኛ ብዙ ይማራሉ። ብርድ ሰው የሚገድለው ውርጭ በወረደበት ሌሊት ብቻ አይደለም፤ ዝናብና ነፋስ ከተባበሩ ዜሮ ያልደረሰ ብርድም ይበቃል። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። መንቀጥቀጡን ተወ ብላችሁ ሞቀው እንዳትሉ፤ ብሶበት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ከነፋስ ከልሉት፣ እርጥብ ልብሱን አውልቁለት፣ መሬቱም ሙቀት ስለሚስብ ከሥሩ ደረቅ ሣር ጎዝጉዙለትና በባና ጠቅልሉት። ራሱን ካወቀና መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ስጡት፤ ወደ ሕክምናም አድርሱት። አረቄ ግን እንዳትሰጡት። አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ፊት ሞቅ ይላል፣ የውስጡ ሙቀት ግን በዚያው ይወጣል።