የአፈር ለምነት ካርታና የማሳ ምርመራ

በደምበጫና በአካባቢዋ በቆሎ፣ ጤፍና ስንዴ የሚያመርቱ አርሶ አደሮች ለረጅም ዓመታት ሲጠቀሙ የቆዩት ዳፕና ዩሪያን ነበር። ሁለቱ ማዳበሪያዎች ለሰብል የሚሰጡት ናይትሮጂንና ፎስፈረስን ብቻ ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮሲስ የተባለውን የአፈር መረጃ መርሐ ግብር የጀመረው የየወረዳውን አፈር መርምሮ፣ የጎደለውን ንጥረ ነገር በካርታ አመልክቶ፣ ለየአካባቢው የሚስማማ ማዳበሪያ ለማቅረብ ነው።

የተገኘው ውጤት

ጥናቱ የድኝ፣ የቦሮንና የሌሎች ንጥረ ነገሮች እጥረት በበርካታ ወረዳዎች መኖሩን አመለከተ። በዚህም መሠረት ዳፕ ድኝ በያዘው ኤንፒኤስ ተተካ። ባሕር ዳር የሚገኘውን የመርከብ ዩኒየን ጨምሮ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የማዳበሪያ መቀየጫ ፋብሪካ ተከሉ።

የታየው ክፍተት

ቅይጥ ማዳበሪያው በስፋት የተሠራጨው የማሳ ላይ ሙከራው በበቂ ሁኔታ ሳይጠናቀቅ ነበር። በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች፣ የተጨመሩት ንጥረ ነገሮች በብዙ ቦታዎች ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ከሚያስገኙት ምርት የጎላ ብልጫ አላሳዩም። ካርታው የአካባቢን አጠቃላይ ሁኔታ እንጂ የአንድን ማሳ ትክክለኛ ይዞታ አያሳይም፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ያሉ ማሳዎችም እንደ ተዳፋትነታቸውና እንደ አያያዛቸው ይለያያሉ። በተለይ አሲዳማ አፈር ውስጥ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረስን ስለሚይዙት፣ አርሶ አደሩ በውድ ዋጋ የገዛው ማዳበሪያ የሚጠበቀውን ያህል ጥቅም ሳይሰጥ ይቀራል።

አርሶ አደሩ ምን ማድረግ ይችላል?

1. በቀበሌው የሚገኘውን የግብርና ባለሙያ ስለ አፈር ምርመራ አገልግሎት መጠየቅ፤

2. ናሙናውን ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታዎች እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ወስዶ በንጹሕ ዕቃ ማደባለቅ፤ ከፍግ ክምር፣ ከዛፍ ሥርና ከድንበር አካባቢ አለመውሰድ፤

3. የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ከሆነ፣ በምርመራው ውጤት መሠረት የተወሰነውን የግብርና ኖራ መጠን ከዘር ወቅት አስቀድሞ በትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ።

ኖራ አሲዳማነትን ይቀንሳል እንጂ ማዳበሪያን አይተካም። ከመጠን በላይ ከተጨመረም እንደ ዚንክ ያሉ ንጥረ ነገሮችን ሰብሉ እንዳያገኝ ያደርጋል። ስለሆነም የኖራም ሆነ የማዳበሪያ መጠን በማሳው ምርመራ ላይ ተመሥርቶ ሊወሰን ይገባል።