የቢሮ ማሽን ሰዓት ሲጠይቅ

ስካን የተደረገው ደብዳቤ ወደ ጋራ ፎልደሩ አልገባ ሲል ብዙ ሰው የይለፍ ቃል መቀየር ይጀምራል። የማሽኑን ሰዓት የሚያይ ጥቂት ነው። በብዙ ቢሮዎች ማንነት የሚያረጋግጠው ኬርበሮስ የተባለ ሥርዓት ግን፣ በተለመደው ቅንብሩ ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት ካየ በሩን ይዘጋል። የኅትመትና የስካን መዝገቡም በዚያው በተዛባ ሰዓት ይጻፋል።

በማሽኑ ውስጥ ጊዜ የሚቆጥረው አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ኳርትዝ ክሪስታል ነው። ሙቀትና እርጅና ምቱን ያዛቡታል። ከሚሊዮን 20 ያህል ብቻ ቢስት በቀን 1.7 ሰከንድ ገደማ፣ በወር ወደ 50 ሰከንድ ይደርሳል።

መድኃኒቱ ኤንቲፒ ይባላል። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ዴቪድ ሚልስ በ1985 እ.ኤ.አ. መግለጫውን አወጡ። በዚህ ዘዴ ማሽኑ በኔትዎርክ በኩል የጊዜ ሰርቨሩን «ስንት ሰዓት ነው?» ይላል። ጥያቄውም መልሱም መንገድ ላይ ስለሚዘገዩ አራት ሰዓቶች ይመዘገባሉ። ለምሳሌ ማሽኑ በራሱ ሰዓት 0 ሰከንድ ላይ ጠየቀ እንበል። ሰርቨሩ በራሱ 12 ላይ ተቀብሎ 13 ላይ መለሰ፤ መልሱ በማሽኑ 5 ላይ ደረሰ። ከ12 ላይ 0 ሲቀነስ 12፣ ከ13 ላይ 5 ሲቀነስ 8 ነው። የሁለቱ አማካይ 10 ስለሆነ ማሽኑ 10 ሰከንድ ወደኋላ ቀርቷል። ስሌቱ መሄጃና መመለሻው እኩል ጊዜ እንደሚወስዱ ይገምታል። በእውነተኛ ኔትዎርክ መዘግየቱ የሰከንድ ሽራፊ ነው።

ሰርቨሩም ከበላዩ ይጠይቃል። ከአቶሚክ ሰዓት ወይም ከጂፒኤስ በቀጥታ የሚቀበለው ደረጃ 1፣ ከእሱ የሚጠይቀው ደረጃ 2 እየተባለ ይወርዳል።

በማሽኑ የቀንና ሰዓት ቅንብር ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን የጊዜ ሰርቨር አድራሻ ያስገቡ። ፋየርዎሉ የዩዲፒ ፖርት 123ን ማሳለፉን የኔትዎርክ ባለሙያውን ይጠይቁ። ኤንቲፒ የሰዓት ቀጠና አይነግርምና ለኢትዮጵያ +3ን ይምረጡ፤ የበጋ ሰዓት ማስተካከያውንም ያጥፉ።

በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ማሽኑ 9፡00 ቢል ትክክል ነው። 6 ሰዓቱን በእጅ አይቀንሱ፤ ከቀነሱ ኬርበሮስ በሩን መልሶ ይዘጋል።