በኢንተርኔት ተጠቃሚዎች ላይ ስለሚደረገው የንግድ ክትትል፤ በቢቸናና በሞጣ ካለው የመዝገብ ልማድ ጋራ በማነጻጸር

መግቢያ

ለክረምት ዕረፍት ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ በሄድን ቁጥር ከዘመዶቻችን ዘንድ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ ስልክ በልቤ ያለውን በምን ዐወቀ?» የሚል ነው። አንድ አጎታችን የውሃ መሳቢያ ሞተር ዋጋ በስልካቸው ባስፈለጉ ማግሥት የሞተር ማስታወቂያ በየገጹ ይከተላቸው ጀመር። አንዲት አክስታችን ደግሞ የሞሉት ካርድ ሳይደውሉበት በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየተቈረጠ ያልቅባቸው ነበር፤ ነገሩ ሲመረመር በማያውቁት አጭር ቁጥር ለአንድ የዕለት መልእክት አገልግሎት ተመዝግበው ተገኙ። ከሰፈሩ ሰው አንዳንዱ ይህን ለሰይጣን፣ አንዳንዱም ለመንግሥት ይሰጠዋል። እኛ እንደምናየው ግን ነገሩ ሰይጣንም መንግሥትም አይደለም፤ ንግድ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የንግዱን አሠራር ለማስረዳት፣ ከዚያም የአካባቢያችን ሕዝብ ስለ መዝገብ ካለው የቈየ ልማድ ጋራ ለማነጻጸር እንሞክራለን።

1. የዱቤ ደብተር ሥርዐት

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ስሕተት ማቅናት ያስፈልጋል። በትንሽ ከተማና በገጠር የሚኖር ሰው ከጎረቤቱ የሚሰውረው ነገር ስለሌለ የግል ሕይወት ጥበቃ የትልቅ ከተማ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ቋንቋችን «ገመና» የሚል ቃል አለው፤ ቃሉ ያለው ጉዳዩ ስላለ ነው። የቢቸናና የሞጣ ሰው ስለ ራሱ የሚጻፍ መዝገብንም ከቀድሞ ጀምሮ ያውቀዋል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ነው። ባለሱቁ ማን ስኳር፣ ማን ዘይት፣ ማን ሳሙና እንደ ወሰደ ይጽፋል። ከዚህ ደብተር ብቻ የማን ቤት ድግስ እንደ ቀረበ፣ የማን ጤፍ በበረዶ እንደ ተመታ፣ ማን ልጁን ወደ ትምህርት ቤት እንደ ላከ መረዳት ይቻላል። ይህም ሆኖ ሰው በደብተሩ አያማርርም። ምክንያቱ አራት ነገሮች የተጠበቁ ስለ ሆነ ነው።

1ኛ፤ ተበዳሪው ደብተር መኖሩን ያውቃል፤ የሚጻፈውም በፊቱ ነው።

2ኛ፤ «እስቲ አንብብልኝ» ብሎ መጠየቅ፣ ያልወሰደው ተጽፎ ቢገኝም መከራከር ይችላል።

3ኛ፤ ዕዳውን በከፈለ ጊዜ ስሙ ይሰረዛል።

4ኛ፤ ባለሱቁ ራሱ የታወቀ ሰው ነው፤ በዕድርም በማኅበርም አብሮ ይቀመጣል፤ የሰው ገመና ቢያወጣ ደንበኛም ጎረቤትም ያጣል።

የዕቁብ ጸሐፊም የሚሠራው በዚሁ ደንብ ነው። እንግዲህ የሕዝባችን ሐሳብ «ስለ እኔ ምንም አይጻፍ» የሚል አይደለም፤ «የሚጽፈውን ልወቀው፣ የጻፈውንም ልየው» የሚል ነው። እነዚህን አራት ነገሮች እንደ መለኪያ ይዘን እንቀጥላለን።

2. የ1960 ዓ.ም. ትምህርት

መዝገብ ጻፊውና የሚጻፍበት ሰው መተማመን ባጡ ጊዜ ምን እንደሚከተል የዚሁ አገር ታሪክ ያስተምራል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ገበሬዎች፣ ይልቁንም የሞጣና የቢቸና አውራጃ ሰዎች፣ ገማቾችን አንቀበልም ብለው ተነሡ። መንግሥት የጦር ኃይል እስከ ማዝመት ደረሰ፤ ከዚያም የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታው ተነሡ። የታሪክ ሊቃውንት ከሚሰጧቸው ምክንያቶች መካከል የግብሩ ክብደትና የሹማምንቱ በደል ይገኙባቸዋል። ከእነዚህም ጋራ ግምቱ መሬትን ወደ መለካት፣ መለካቱም ርስትን ወደ ማሳጣት ያደርሳል የሚለው ሥጋት ይነሣል።

ያንን ዐመፅና የዛሬውን ክትትል አንድ ናቸው አንልም፤ ያኛው የመንግሥት ግብር ነበር፣ ይህኛው የነጋዴ ትርፍ ነው። ነገር ግን ጥያቄው አልተለወጠም። ያለኝን የሚቈጥረው ማን ነው? ለምን ጉዳይ ይቈጥረዋል? ዛሬ ለአንድ ነገር የጻፈውን ነገ ለሌላ እንዳያውለው ማን ይጠብቃል? የ1960ው ገበሬ ገማቹ በደጁ ሲመጣ አይቶ እሺ ወይም እምቢ ለማለት ችሏል። የዛሬው ገማች በደጅ አይመጣም።

3. የክትትሉ አሠራር

ኢንተርኔት በአገራችን አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሞባይል ስልክ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ገባ። በትናንሽ ከተሞች ያለው ሕዝብ አብዛኛው ኢንተርኔትን ያወቀው በእጅ ስልኩ ነው። የንግድ ክትትል የሚፈጸምባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ኩኪ የሚባለው ነው። አንድ የኢንተርኔት ገጽ በራሱ የመጣበትን ሰው አያስታውስም። ይህን ችግር ለማቃለል የኔትስኬፕ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ ዘዴ አበጀ፤ ገጹ በጎብኚው መሣሪያ ላይ ትንሽ ምልክት ያኖራል፣ ጎብኚው ሲመለስም ምልክቱን አንብቦ ያውቀዋል። ለገዢ የሚመች ንጹሕ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን አንድ ገጽ ከልዩ ልዩ ድርጅቶች በተውጣጡ ክፍሎች ይሠራል፤ ጽሑፉ የአንዱ፣ ማስታወቂያው የሌላው ነው። ስለዚህ በብዙ ሺህ ገጾች ላይ ማስታወቂያ የሚያሳይ አንድ ድርጅት በሁሉም ቦታ የራሱን ምልክት ሊያነብ ይችላል። ይህም አንድ የማይታወቅ ሰው ከቢቸና እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው ሱቅ ሁሉ ተቀምጦ የሁሉንም ደብተር ወደ አንድ ትልቅ መዝገብ ቢገለብጥ እንደ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንዳንድ የኢንተርኔት ማሰሻዎች የሌላ ወገን ምልክት እንዳይነበብ መከልከል ጀምረዋል።

ሁለተኛው በስልክ ላይ ያለው የማስታወቂያ መለያ ቁጥር ነው። ስልኩ ለማስታወቂያ ሥራ የሚያገለግል ቁጥር ይሰጠዋል፤ በስልኩ ላይ የተጫኑ አፕሊኬሽኖችም ይህን ቁጥር፣ ፈቃድ ካገኙም ባለቤቱ ያለበትን ቦታ፣ ለሌሎች ሊያስተላልፉ ይችላሉ። በ2006 ዓ.ም. የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለ አንድ የባትሪ መብራት አፕሊኬሽን ያወጣው ክስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሥራው ማብራት ብቻ የሆነ አፕሊኬሽን የተጠቃሚዎችን ቦታና የስልክ መለያ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ያስተላልፍ ነበር። የቦታ መረጃ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማን ሐኪም ቤት እንደ ተመላለሰ፣ ማን ጠበል እንደ ገባ ይናገራል። በ2016 ዓ.ም. ይኸው ኮሚሽን ኤክስ ሞድ የተባለውን መረጃ ነጋዴ እንዲህ ያለውን የቦታ መረጃ እንዳይሸጥ ከልክሎታል።

ሦስተኛው ጨረታ ነው። ገጹ በሚከፈትበት ቅጽበት ስለ አንባቢው የታወቀው ሁሉ ለብዙ ተጫራቾች ይቀርባል፤ ከፍ ያለ ዋጋ የሰጠው የራሱን ማስታወቂያ ያሳያል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ነው። አጎታችንን የተከተላቸው የሞተር ማስታወቂያ ልባቸውን አላነበበም፤ ትናንት የፈለጉት ነገር ተመዝግቦ ዛሬ ተሸጠ እንጂ። በጨረታው የተሸነፉትም ቢሆኑ ስለ ሰውየው የቀረበውን አይተዋል።

እዚህ ላይ ለአገራችን ሰው ልዩ የሆነ አንድ ነገር አለ። እነዚህ ምልክቶችና ማስታወቂያዎች የሚመላለሱት ተጠቃሚው በገዛው ሜጋባይት ነው። ገማቹ በእኛ ቤት ገብቶ ሲገምት የመንገዱን ወጪ የምንከፍለው እኛው ነን።

4. ወደ አገራችን የቀረቡ ሁኔታዎች

ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ሦስት ሁኔታዎችን እንጠቅሳለን።

በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ወር አፕስትሪም የተባለ ድርጅት በአፍሪካ ስለተሸጠው ቴክኖ ደብልዩ 2 ስልክ ምርመራውን አወጣ። በስልኮቹ ላይ ትራያዳና ኤክስ ሄልፐር የተባሉ ስውር ፕሮግራሞች ተገኙ፤ እነዚህም ባለቤቱ ሳያውቅ በሚያስከፍሉ አገልግሎቶች ለማስመዝገብ ይሞክሩ ነበር። ድርጅቱ ከ200 ሺህ በላይ ከሆኑ ስልኮች የመጡ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ሙከራዎችን እንደ መዘገበ ገለጸ፤ ነገሩ በብዛት ከታየባቸው አገሮች መካከልም ኢትዮጵያ ተጠቅሳለች። የስልኩ አምራች ትራንሽን ጥፋቱ ከአቅራቢዎቹ በአንዱ በኩል የገባ መሆኑን ገልጾ ማስተካከያ እንደ ላከ አስታወቀ። የአክስታችን ስልክ ከዚህ ዓይነት ባይሆንም፣ ጥፋቱን ገዢው ሳይሆን ከውጭ የመጣ መርማሪ ማግኘቱን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው የብድር ጉዳይ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ከተጀመረ በኋላ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከዳሸን ባንክ ጋራ በመሆን መላና እንደኪሴ የተባሉ የብድር አገልግሎቶች ወጡ። ዋስ ሳይጠራ፣ ንብረት ሳይያዝ ብድር መገኘቱ ለትንሽ ነጋዴ ታላቅ እርዳታ መሆኑ አይካድም። የብድሩ መጠን ግን የሚወሰነው ደንበኛው በስልኩ ካደረገው የገንዘብ እንቅስቃሴ ነው። እንግዲህ «እኔ ድኃ ነኝ፤ ምን የምደብቀው አለኝ?» የሚለው መልስ ከእንግዲህ አይበቃም። መዝገቡ ለማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን ለእንጀራም መመዘኛ ሲሆን፣ የተከለከለው ሰው የትኛው መሥመር እንደ መሰከረበት ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው በየከተማው የሚታየው የስልክ ሱቅ ልማድ ነው። ገበሬው ስልክ ሲገዛ ኢሜይል የሚከፍትለት፣ አፕሊኬሽን የሚጭንለት ሻጩ ወጣት ነው። «እስማማለሁ» የሚለውን የሚነካውም የሻጩ ጣት ነው። ውሉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈና ረጅም ስለ ሆነ ሻጩም አላነበበውም። ስለዚህ ሕግ ፈቃድ የሚለው ነገር በብዙ ሰው ላይ ሳይሰጥ የተሰጠ ሆኖ ይገኛል።

5. ሕጉ ምን ይላል

የሕጋችን መሠረት አዲስ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይሸጥ፣ በቁጥር 31 ደግሞ የምሥጢር ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ እንዳይገልጠው ደንግጓል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውን ግንኙነት ጨምሮ አረጋግጧል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ፤ ጠባቂውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሆነ። ዐዋጁ መረጃ ለታወቀ ዓላማ እንዲሰበሰብ፣ ባለቤቱም መረጃውን እንዲያይ፣ እንዲያሳርምና እንዲያሰርዝ መብት ይሰጣል።

አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ ይህ ዐዋጅ በላይ ከቈጠርናቸው ከአራቱ የዱቤ ደብተር ደንቦች ሦስቱን በሕግ ቋንቋ የጻፈ ነው፤ ማወቅ፣ ማየት፣ መሰረዝ። አራተኛው ግን በዐዋጅ ብቻ አይገኝም። ባለሱቁ የሚያፍረው ጎረቤት ስላለው ነው፤ መረጃ ነጋዴው ጎረቤት የለውም። በዚህ ፈንታ ሊቆም የሚችለው ጠያቂ ሕዝብና የማያዳላ ባለሥልጣን ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት በፌስቡክ ላይ የ5 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት የጣለው ጋዜጦችና ተጠቃሚዎች አጥብቀው ከጠየቁ በኋላ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል።

መደምደሚያ

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር እናውቃለን። ስለዚህ «የአገሩ ችግር የኢንተርኔት መታጣት እንጂ የክትትል መብዛት አይደለም» የሚለን ወዳጅ ቢኖር ሐሳቡን አናቃልልም። ነገር ግን የተራበ ሰው የቀረበለትን ሳይመረምር ይበላልና፣ ኢንተርኔት በተመለሰ ጊዜ ጥንቃቄው አብሮ መግባት አለበት እንላለን።

ለጊዜው እያንዳንዳችን ወደ ቤታችን ስንሄድ ልንሠራው የምንችለው ሥራ አለ። የዘመዶቻችንን ስልክ ከእነርሱ ጋራ ተቀምጠን እንክፈት፤ ለማያስፈልገው አፕሊኬሽን የተሰጠውን የቦታ ፈቃድ እናንሣ፤ የማስታወቂያ መለያ ቁጥሩን ከስልኩ ማስተካከያ ውስጥ እናጥፋ፤ የይለፍ ቃሉ በሻጩ እጅ ከሆነ እንለውጥ፤ ያልጠየቁት የዕለት መልእክት ካለ እናስቁም። ይህን ስናደርግም ሥራውን ጨርሰን ስልኩን ከመመለስ ይልቅ እያንዳንዱን ነገር በአማርኛ እናንብብላቸው። አክስታችን ነገሩ ከተገለጠላቸው በኋላ የተናገሩት «ገንዘቡስ ይሁን፤ ማን እንደ ጻፈኝ አለማወቄ ነው» የሚል ነበር። የሕግና የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችን ይህን ጥያቄ ይዘው ከእኛ የተሻለ ምርመራ እንዲያደርጉበት፣ መምህራኖቻችንም ስሕተታችንን እንዲያርሙልን በማክበር እንጠይቃለን።