ሙሽራዋ ማታ የት ታድራለች?

«አጎበሩን አልጋሽ ላይ ስቀይውና ከባለቤትሽ ጋር ከሥሩ ተኙ።» አዋላጅ ነርስ የሆነ ሰው ሁሉ ይህን ምክር ከትምህርት ቤት ጀምሮ አፉ ለምዶታል፤ የእኔም ለምዶታል። ማታር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምክሩ መሬት የለውም፤ ባልየው እዚያ አልጋ ላይ አያድርማ። በኑዌር ልማድ የሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ አዲስ ያገባች ልጅ የምታድረው በእናቷ ጎጆ፣ ከታናናሾቿ ጋር ነው። ባሏ በአባቱ ግቢ፣ ከብት በሚያድርበት ትልቁ ጎጆ ውስጥ፣ የኩበት ጭስ ትንኙን እያባረረለት ከወንዶቹ ጋር ያድራል። ሊጠይቃት ሲመጣ መሽቶ ነው፤ ሲሄድም ሳይነጋ።

ማታር በጋምቤላ ክልል፣ በኑዌር ዞን የዋንቱዋ ወረዳ ከተማ ናት። ከጋምቤላ ከተማ ኢታንግን አልፎ ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር የሚዘልቀው ሜዳ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፤ መንገዱ ሲቆረጥ ጀልባ ነው ያለው። ወደዚህ የመጣሁት መልስ ተበልቶ ብዙም ሳይቆይ ነው። ባለቤቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፣ ምደባው ደርሶት ነበር፤ እኔም ዝውውር ጠይቄ ተከተልኩት። በእኛ አገር፣ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ይህ የሚያስመሰግን ነገር ነበር። «ባሏን ተከትላ በረሃ ወረደች» ተባለልኝ። እዚህ ጎረቤቶቼ ያዩኝ በሌላ ዓይን ነው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «እናትሽ የት ናት?» የሚል ነበር፤ ሁለተኛው «ልጅ አለሽ?»። ልጅ ሳትወልድ፣ እናቷ በሌለችበት፣ ከአንድ ወንድ ጋር ብቻዋን ቤት ዘግታ የምትኖር ሴት ለእነሱ የምታሳዝን ናት። ዘመድ የለኝም ብለው ሳይደመድሙ አልቀሩም፤ ዓሣና ወተት ያመጡልኝ ነበር።

ስለ ኑዌር ጋብቻ የተጻፈ ነገር የፈለግኩት ከዚህ በኋላ ነው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሱዳን በኩል ባሉት ኑዌሮች መካከል ኖሮ፣ በ1951 ስለ ዝምድናና ጋብቻቸው አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። እሱ እንደጻፈው ጋብቻው በአንድ የሠርግ ቀን አያልቅም። ከብቱ በየጊዜው ይነዳል፤ ለሙሽራዋ አባት ወገንና ለእናቷ ወገን ይከፋፈላል። ሙሉ የሚባለው ጥሎሽ እስከ አርባ ከብት ይደርስ ነበር፤ ሁሉም ግን ያን ያህል አይሰጥም። ሙሽራዋ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በወላጆቿ ቤት ነው። ባልየው ከዚያ በኋላ በአማቶቹ ግቢ እንደ ቤተሰብ ይቆጠራል፤ ወደ እሱ ሰፈር የምትሄደው ደግሞ ልጁ ጡት ሲተው። መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ መረጃ እንደሆነ አውቃለሁ። ማታር ከተማ ውስጥ ደመወዝተኛው፣ ተማሪው፣ ቤተ ክርስቲያን ያገባው እንደ እኛ ወዲያው አብሮ ይኖራል። ከከተማው ትንሽ ወጣ ካሉት መንደሮች የሚመጡልኝ እርጉዞች ግን ያንን መጽሐፍ እየኖሩት ነው።

የእኛ አገር ጋብቻ ቤቱን በአንድ ቀን ይመሠርታል። ምጣዱ፣ ድስቱ፣ ሶፋው ከሠርጉ በፊት ይገዛል፤ ቅልቅሉ ሲያልቅ ሁለቱ በር ይዘጋባቸዋል። ጠባይ ለጠባይ መተዋወቅ የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። ማታር ቤቱን የሚሠራው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ከብት፣ ቀጥሎ የሌሊት ጉብኝት፣ ቀጥሎ ልጅ፣ ከዚያ ጎጆ። የእርግዝና ክትትል ካርዳችን ይህን አያውቅም። «ያገባች» የሚል ሣጥን አለው፤ ምልክት ይደረግበታል፤ ቀሪው ምክር ሁሉ አብረው እንደሚኖሩ ቆጥሮ ይቀጥላል።

የቤታችንን ነገር ላንሳና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ጤፍ ከጋምቤላ ከተማ በሚመጣ መኪና እናስመጣለን። ሊጥ እዚህ ሦስት ቀን አይጠብቅም፤ ማታ የተቦካው በማግስቱ ኮምጣጣ ነው፤ ከሰዓት ካለፈ ደግሞ ሽታው ጎረቤት ይጠራል። እናቴ ስልክ ላይ «እርሾውን ቀንሺው ልጄ» ትለኛለች። ቀንሼዋለሁ። ሙቀቱ ነው የማይቀነሰው። ባለቤቴ ሳምንቱን ግማሽ በኮፕ ይለፍ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ኮፕ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ዱቄት ፍርፍር ተደርጎ በእንፋሎት የሚበስል፣ ከወተት ጋር የሚበላ የእነሱ ምግብ ነው። እኔ ዱቄቱን በመዳፌ ሳንከባልል ትልልቅ ድንብልብል ይሆንብኛል፤ የጎረቤቴ ግን እንደ ጤፍ ፍሬ ይወርዳል።

አንድ ቀን ያቺው ጎረቤቴ የወተት ቅሏን ይዛ በተከፈተው በር ገባች። ምሳ ላይ ነበርን፤ ባለቤቴ እያጎረሰኝ ነው። ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ዞራ ወጣች፤ ቅሉን ደጅ አስቀምጣው ሄደች። ከተጣላን የከፋ መሰለኝ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ የሚያስተረጉምልኝ ወጣት ባልደረባዬ ነገሩን ሲሰማ ወንበሩን ይዞ ሳቀ። «ሲስተር፣ እኛ ጋ ጎረምሳ ዘመዱ ያልሆነች ሴት ፊት አይበላም። ምግብ ራበኝ እንኳ አይልም። ሚስቱም ብትሆን አዲስ ከሆነች ያፍራታል። ልጆች ከመጡ በኋላ ነው ቀስ በቀስ የሚለምዱት።» ስለዚህ ባለቤቴ በአንድ ጉርሻ ሁለት ነውር ሠርቷል ማለት ነው፤ በላም አበላም። ከዚያ ወዲህ ምሳ ስንበላ በር እንዘጋለን። የካቲትና መጋቢት ላይ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ በር ዘግቶ ትኩስ ሽሮ መብላት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል።

ውሃ ሌላው ጉዳያችን ነው። በ2017 ዓ.ም. በኑዌር ዞን ኮሌራ ሲገባ፣ በዚያው ሰሞን በድንበሩ ማዶ በናስር በኩል ውጊያ ተነስቶ ብዙ ሰው ወደዚህ ተሻግሮ ነበር፤ የእኔ ሥራ ከማዋለድ ይልቅ ኦአርኤስ መበጥበጥ ሆኖ ሰነበተ። ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ጀሪካኑን ነው። ባለቤቴም እንደዚያው። ሁለት ባለሙያ ባለበት ቤት አንድ ጀሪካን ሁለቴ ይታከማል፤ ሻዩ በረኪና በረኪና ይላል። «ጨምረሃል?» «ጨምረሻል?» የትዳራችን የመጀመሪያ ጭቅጭቅ ይኸው ነው። በመጨረሻ የታከመውን ክዳኑ ላይ ቀይ ክር እናስርበት ተባባልን። ክሩን የሚፈታው ማን ነው የሚለው አሁንም አልተቋጨም።

ሠርግ ሲኖር ባለቤቴ ከእኔ ቀድሞ ይሰማል። ለጥሎሽ የሚነዳ ከብት ይመረመራል፤ ታማለች የምትባል ጊደር፣ ጡቷ ያበጠ ላም ከተገኘች በሁለቱ ወገን መካከል ክርክር ይነሳልና ይጠሩታል። ከወራት በኋላ ያቺው ከብት የተነዳላት ልጅ ሆዷን ይዛ እኔ ጋ ትመጣለች። እሱ የትዳሩን መግቢያ ያያል፤ እኔ መሃሉን። እዚህ ወንድነቱ የተመሰከረለት ጎልማሳ ላም አያልብም፤ ማለብ የሴቶችና የልጆች ሥራ ነው። የእንስሳት ሐኪም ደግሞ የጡት በሽታ ሲመረምር ወተቱን በእጁ አልቦ ማየት አለበት። መጀመሪያ ሰሞን እንዲያ ሲያደርግ ልጆች ሰብሰብ ብለው ተሳሳቁበት፤ ሽማግሌዎቹ ዞር አሉ። አሁን አንድ ልጅ ይጠራና ኩባያው ውስጥ ያስልበዋል፤ እሱ ቀለሙን ያያል። ምርመራው አልተበላሸም፣ የሽማግሌዎቹም ፊት እንዲሁ። እኔም ከዚህ ነው የተማርኩት፦ ልማዱን ሳትነካው ሥራውን የምታስገባበት ቀዳዳ ብዙ ጊዜ አለ።

አጎበሩን ላስቀድም። አሁን ካርዱ ላይ የሌለ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ «ማታ የት ነው የምታድሪው? ከማን ጋር?» መልሱ ሁሉን ይቀይረዋል። አጎበሩ የባልና ሚስት ዕቃ ተደርጎ ከተሰጠ ወደ ባል ቤተሰብ ግቢ ሊሄድ ይችላል፤ እርጉዟ ግን እዚያ አታድርም። የእናቷ ጎጆ ውስጥ ደግሞ አጎበር ቢኖርም ታናናሾቿ ተሸጉጠውበታል። ወባ በእርግዝና ላይ ደም ማነስ ያመጣል፣ ሕፃኑን ያቀጭጨዋል። ጋምቤላ ውስጥ ይህ የመማሪያ መጽሐፍ ዓረፍተ ነገር አይደለም፤ በየሳምንቱ ሚዛን ላይ የማስቀምጠው ሕፃን ነው። ስለዚህ አጎበሩን የምሰጠው እናትየው ባለችበት፣ ለእናትየው እጅ ነው። ብረት የሚገኝበትን ኪኒን፣ የምጥ ምልክቱን፣ ውሃው ሳይሞላ ወደ እናቶች ማቆያ መምጣቱንም የምነግረው ለእሷ ነው። ወሳኟ እሷ ናት። ምክራችን ወሳኝ አድርጎ የከረመው ቤቱ ገና ያልተሠራለትን አባወራ ነው።

ፍኖተ ሰላም ላይም ቢሆን የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል እኮ። እናቴ እኔን ስትወልድ ወደ እናቷ ሄዳ ነው የታረሰችው። ለእኔም ስልክ በደወለች ቁጥር «ስትደርሺ ትመጫለሽ አይደል?» ትለኛለች፤ ገና ያልጸነስኩትን።

ይህን ሁሉ ስል ልማዱን ማሞገሴ አይደለም። ሙሽራዋ በእናቷ ሥር መሆኗ ጥሩ ነው፤ ብቻዋን ባዕድ ቤት ውስጥ የሚጀምራት እርግዝና የለም። ነገር ግን ጋብቻው የሚጸናው በልጅ በመሆኑ ልጅ የዘገየባት ሴት የምትሸከመውን ጭንቀት ክሊኒኬ ውስጥ አየዋለሁ። ሳይወለድ ከፈረሰ ከብቱ ይመለሳል፤ ከብቱ ደግሞ ወንድሟ አግብቶበት ሊሆን ይችላል። የአንዷ ማህፀን የሌላውን ትዳር ይዞታል። እንዲህ ባለ ቦታ ከመጀመሪያው ልጅ በፊት ስለ እርግዝና መከላከያ ማውራት ከንቱ ነው፤ እንደ እርግማን ይሰማል። አንዳንዶቹ ሙሽሮች ደግሞ ገና ልጆች ናቸው። የቤተሰብ ሕጉ አሥራ ስምንት ዓመት ይላል፤ እነሱ ዕድሜያቸውን በጎርፍ ዓመት ይቆጥሩልኛል፤ እኔ ዳሌያቸውን አይቼ እሰጋለሁ። እዚህ ላይ ልማድ ነው ብዬ የማልፈው ነገር የለኝም።

ከሁሉ የከበደኝ የባሎቹ የደም ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የኤችአይቪ ስርጭት በአገር ደረጃ 0.9 በመቶ ሲሆን በጋምቤላ 4.8 በመቶ ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው። እርጉዟን መርምሬ ባሏን ካልመረመርኩ ግማሽ ሥራ ነው የሠራሁት። መመሪያው «የትዳር አጋርን ይጋብዙ» ይላል። ጋበዝን፤ አልመጡም። ሰነፎች ናቸው፣ ግድ የላቸውም ተባለ፤ በስብሰባ ላይም ተጻፈ። ያ ወጣት ባልደረባዬ ነው ነገሩን የፈታልኝ። «ሲስተር፣ ልጅቷ የምትመጣው ከእናቷ ጋር ነው። አማች ደግሞ ከአማቱ ይሸሻል፤ መንገድ ላይ ብታገኘው ዞር ይላል። አንቺ አማቱ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ በል እያልሽው ነው።» የሌሊት እንግዳ በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ሚስቱን እንዴት እንዳስረገዘ በሚነገርበት ክፍል፣ ከሚያፍራት ሴት ጋር ተሰልፎ ይጠብቅ ብለናል።

ታዲያ ወንዶቹ የት ነው የሚገኙት? መልሱ ቤቴ ውስጥ ነበር፤ በር ዘግተን ስንበላ ነው የተነሳው። ከብት የሚከተብ ቀን ጎልማሳው ሁሉ ይወጣል፤ አማት አትመጣም፣ ሚስት አትመጣም፤ ወረፋውም ረጅም ነው፤ ሰው ሥራ ፈትቶ ይቆማል። «ወንድ ነርስ ከእኔ ጋር ላኪ» አለኝ ባለቤቴ። ባልደረባዬ ፈቃደኛ ሆነ። ሞከርነው። ከዛፍ ሥር አንድ ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ መጀመሪያ ማንም አልቀረበም፤ በሬው የተከተበለት አንድ ሰው መጥቶ ክንዱን ሲዘረጋ ሌሎቹ ተከተሉ። ለከብት የሚወጋና ለሰው የሚወጋ መርፌ አንድ አለመሆኑን ማስረዳት የፈጀው ጊዜ ከምርመራው ይበልጣል።

አሁን የቀረን የሣጥን ጉዳይ ነው። የእኛ የመመርመሪያ ኪት ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወድም፤ በዚህ አገር ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲውል ውጤቱን ማመን ያስቸግራል። የከብቱ ክትባት ግን በበረዶ ሣጥን ነው የሚጓዘው። አንድ ጥግ ብናገኝ ይበቃናል። ባለቤቴ በረዶው ላይ ካልተጫነ ጉዳት የለውም ይላል። እኔ በጣም ከቀዘቀዘም ይበላሻል፣ በመሃሉ ካርቶን ይግባ እላለሁ። በዚህ ላይ እራት እስኪበርድ ተከራክረናል። የሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የስምምነት ደብዳቤ ደግሞ ገና አልተፈረመም፤ ቀጣዩ የከብት ክትባት ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ነው።