ማኅተም፣ አውራ ጣትና ፊርማ

ከቀበሌ ወደ ሰቆጣ ወረቀት ይዞ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማኅተም አለው ወይ?» ተብሎ ነው። ጽሑፉ ቢያምር፣ ወረቀቱ ቢነጣ፣ ክቡ ማኅተም ከሌለበት አይታመንም። ከዝቋላ ወይም ከደሃና ድረስ የመጣ ሰው ማኅተም ሳያስመታ ቢደርስ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ተመልሶ መሄዱ ነው። ለመሆኑ ማኅተም ይህን ያህል ጉልበት ያገኘው ከየት ነው?

ማኅተም ማለት በእንጨት፣ በቀንድ፣ በድንጋይ ወይም በብረት ላይ የተቀረጸ ስም ወይም ምልክት ነው። ቀለም ይነካና ወረቀት ላይ ይመታል። በሬ ጭቃ ሲረግጥ ኮቴው እንደሚቀር ሁሉ፣ የባለቤቱ ስም ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ሲቀረጽ ግን ተገልብጦ ነው። «ቡ» ብላችሁ ስትጽፉ ጭረቷ በቀኝ በኩል ናት፤ ማኅተሙ ላይ ግን በግራ መሆን አለባት። ያለዚያ ወረቀቱ ላይ ዞራ ትወጣለች።

በአገራችን ማኅተም የነገሥታትና የመኳንንት ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ ማኅተም የአንበሳ ሥዕል ያለበት ሲሆን ስማቸው በግዕዝ ፊደልና በዐረብኛ ተጽፎበታል። በዐፄ ምኒልክም ማኅተም ላይ አንበሳ አለ። የንጉሥ ማኅተም የሚመታው ከደብዳቤው ራስ ላይ ነው። ንጉሡ በእጃቸው አይፈርሙም፤ ማኅተሙ ይበቃል። ስም ሲለወጥ ደግሞ የድሮው ማኅተም አያገለግልም። የዋጉ ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እንደ ነገሡት ሁሉ፣ ሲነግሥ ስሙ የሚለወጥ ሰው በአዲሱ ስም ማኅተም ማስቀረጽ አለበት። ባላገሩ ግን ማኅተም አልነበረውም፤ የነበረው አውራ ጣቱ ነው።

ማኅተም የጌቶች ብቻ ሆኖ ያልቀረበት አገርም አለ። ይኸውም በሩቅ ምሥራቅ ያለችው ጃፓን ናት። እዚያ ከ300 ዓመት በፊት እንኳ ገበሬው አባወራ የራሱ ማኅተም ነበረው። እንዲያውም በጃፓን እጅግ የታወቀውን ጥንታዊ ማኅተም ያገኘው ገበሬ ነው ይባላል። በ1776 ዓ.ም. የመስኖ ቦይ ሲጠግን ከመሬት ውስጥ የወርቅ ማኅተም ወጣለት። ጎኑ 2.3 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 108 ግራም ነው። የቻይና ንጉሥ ለአንድ የጃፓን ንጉሥ የሰጠው ነው፤ ዕድሜው ከ1,900 ዓመት ይበልጣል።

የጃፓን ማኅተም ቀራጺ የሚሠራው በጠንካራ እንጨት ወይም በጎሽ ቀንድ ላይ ነው። መጠኑ ጣት ያህላል። በመጀመሪያ ጫፉን ፈግፍጎ ያስተካክላል። ቀጥሎ ቀይ ቀለም ይቀባዋል፤ በላዩም ስሙን ገልብጦ በብሩሽ ይጽፋል። ከዚያ በእንጨት ማነቂያ አጥብቆ ይዞ በትንሽ መሮ ይፈለፍለዋል። እጁ አንዴ ከሳተ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ስም ቢኖራቸው እንኳ በእጅ የተቀረጸው ማኅተማቸው አይመሳሰልም። የመኪናው ቅርጽ ግን ይመሳሰላል፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የእጅ ሥራ የሚመረጠው። ሰውየው ዋናውን ማኅተም በከተማው ጽሕፈት ቤት ያስመዘግባል፤ ለባንክ ሌላ፣ ለየዕለቱ ጉዳይም ሌላ ይይዛል። በ2013 ዓ.ም. ግን የጃፓን መንግሥት ከብዙ የመሥሪያ ቤት ጉዳዮች ማኅተም እንዲቀር ወሰነ።

ማኅተም አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። ማን እንደ መታው አይናገርም። የናቡቴን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን የሰማ ሰው ይህን ያውቃል። ንግሥት ኤልዛቤል በባሏ በአክዓብ ስም ደብዳቤ ጻፈች፤ በማኅተሙም አተመችው። ናቡቴ በሐሰት ተመስክሮበት ተገደለ፤ የወይን እርሻውም ተወሰደ። ማኅተሙ እውነተኛ ነበር፤ ነገሩ ግን ሐሰት።

ጣት ግን አይሰረቅም። የአንዱ ሰው የጣት መስመር ከሌላው ጋር አይገጥምም። ፎልድስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም በዚያው በጃፓን ሲኖር በጥንት ሸክላ ላይ የሠሪዎቹን የጣት አሻራ አየ። ነገሩን መረመረና አሻራ ወንጀለኛን ለመለየት እንደሚጠቅም በ1873 ዓ.ም. ጽፎ አሳተመ።

ታዲያ ጣትም ጉድለት አለው፤ ማንበብ አይችልም። ያልተነበበለትን ወረቀት የፈረመ ባላገር ብድሩ ሁለት እጥፍ ሆኖ ቢያገኘው፣ ወይም መሬቱን አከራየሁ ሲል ሸጠሃል ቢባል፣ ጣቱ ይመሰክርበታል። ስለዚህ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 እንዲህ ይላል፤ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ወይም ዓይነ ስውር ፊርማው ወይም የጣት ምልክቱ በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም። በጽሑፍ የሚደረግ ውልም ሁለት ምስክሮች ያስፈልጉታል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ጥበቃ የተሰጠው ለማያነብ ሰው ነው። ፊደል ቆጥሮ ስሙን በእጁ የፈረመ ሰው «አላነበብኩትም ነበር» ቢል ዳኛው በቀላሉ አይቀበለውም። ፊርማው «አንብቤዋለሁ፣ ተስማምቻለሁ» ብሎ ይናገርበታል።

የንጉሥ ማኅተም ከላይ ይመታ ነበር አልን። የውል ፊርማ ግን ከታች ነው፤ ከመጨረሻው መስመር ሥር ተጠግቶ ይፈረማል። በጽሑፉና በፊርማው መካከል ባዶ ቦታ ከተተወ ሌላ ነገር ሊጻፍበት ይችላል። ጠንቃቃ ጸሐፊ ያን ቦታ በመስመር ይዘጋዋል፤ የብሩንም ልክ አንዴ በአኃዝ፣ አንዴ በፊደል ይጽፈዋል።